«ቀጣሁ፣ ጨመርኩ፣ አሠለጠንኩ፤ አሁንም ይሄዱብኛል»

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላይ የአሳ ምግብ ቤት አለኝ። ሠራተኞቼ 14 ናቸው። አስተናጋጅም ሆነ የወጥ ቤት ልጅ ቀጥሬ፣ ሥራ አስለምጄ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ይሄድብኛል። ያረፈደ 50 ብር ይቀጣል አልኩ፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ደሞዝ ጨመርኩ፤ ሁለት ወር ደህና ሆነው ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አስመጥቼ የሁለት ቀን ሥልጠና አሰጠኋቸው፤ ሰርተፍኬቱን ይዘው ሌላ ቤት የገቡ አሉ። አሁን ጎበዙን አስተናጋጄን ሱፐርቫይዘር ላደርገው አስቤያለሁ። ያዋጣኛል? ደግሞስ የዛሬ ልጆች ናቸው ሥራ የሚጠሉት ወይስ ችግሩ እኔ ጋ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው እናቆያት። ጥፋቱ የማን ነው ስንባባል የነገው ሺፍት ይደርስብናል።

ዓይኔ ያረፈው ባልጻፉት ነገር ላይ ነው። ቅጣት አለ፣ ጭማሪ አለ፣ ሥልጠና አለ። አዲስ የገባ ልጅ የመጀመሪያ ቀኑን እንዴት እንደሚውል ግን አንድም ቃል የለም። ማን ይቀበለዋል? ሜኑውን ማን ያስረዳዋል? ምሳውን መቼና የት ይበላል? ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ማን ይነግረዋል? አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ፤ አሁን እዚሁ ባሕር ዳር ሆቴልና ምግብ ቤቶችን አማክራለሁ። ካየሁት ልንገርዎ፤ በሦስተኛው ወር የሚሄድ ሰው ልቡ የሚሸፍተው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የቀረውን ጊዜ ሌላ ቦታ እስኪያገኝ ነው የሚቆየው።

ሠራተኛ የሚያዘውም የሚሠለጥነውም እዚያው ጠረጴዛውና ምድጃው አጠገብ፣ በየሺፍቱ ነው። እርስዎ እስካሁን ይህን ሥራ ለቅጣቱ፣ ለብሩና ለአሠልጣኙ ሰጥተውት ነበር። ሦስቱም አልቻሉትም።

በቅጣቱ ልጀምር። ብዙ የማወራው እሱ ላይ ነው።

ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሃይፋ በምትባል የእስራኤል ከተማ 10 የሕፃናት መዋያዎችን ተከታተሉ። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ አስተማሪዎቹን ያስጠብቁ ነበር። ስለዚህ በስድስቱ መዋያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ ወላጅ ቅጣት ይክፈል ተባለ። የሚዘገየው ወላጅ ቀነሰ? ጨመረ እንጂ። ወደ እጥፍ ግድም ደረሰ። ቀድሞ የሚዘገይ ወላጅ አስተማሪዋን ዓይን ዓይኗን ማየት ያፍር ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ሐፍረቱ ዋጋ ወጣለት። ከፍሎ መዘግየት ተቻለ። የሚገርመው ቅጣቱ ከተነሣም በኋላ መዘግየቱ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። አንዴ የተሸጠ ይሉኝታ ተመልሶ አይገዛም መሰለኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከዘንዘልማ የሚመጣ ልጅ አለ እንበል። ታክሲ ጠፋ። ኮንትራት ባጃጅ ይዞ በሰዓቱ ቢደርስ ከ50 ብር በላይ ያወጣል። ታክሲውን ጠብቆ አርፍዶ ቢገባ 50 ብር ይቀጣል። ልጁ ሒሳብ ያውቃል። ማርፈድ ረከሰለት። ሲገባም አንገቱን አይደፋም፤ ከፍሎበታላ!

እኔም በዚህ የምስቅ ሰው አይደለሁም። ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ያረፈዱ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር በር ላይ እለጥፍ ነበር። ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ። በሦስተኛው ሳምንት ስሟ ሁለቴ የወጣ አንዲት ጎበዝ ሠራተኛ ወረቀቱን ገንጥላ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «የልጄ ትምህርት ቤት በር የሚከፈተው 2 ሰዓት ነው። የእናንተ በር የሚዘጋውም 2 ሰዓት ነው። ሁለቱንም በር የሠራሁት እኔ አይደለሁም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጠይቄያት አላውቅማ። መግቢያዋን በ20 ደቂቃ ገፋንላት፤ መውጫዋንም በዚያው ልክ። ከዚያ ወዲህ አርፍዳ አላየኋትም። ዝርዝሩን ግን ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል መለጠፌን አልተውኩም ነበር። ትዕቢት ቶሎ አይለቅም።

ሕጉንም ማወቅ አለብዎት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደሞዝ ላይ እንዳሻው እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ የሰጠው ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። «ያረፈደ 50 ብር» ተብሎ በቃል ከታወጀ አንድ ቀን ሊያስከስስዎ ይችላል። የተሰበረ ብርጭቆ ከደሞዝ የሚቆርጡም ከሆነ እዚያው ውስጥ ነው።

ሕጉ ለማርፈድ የራሱ መንገድ አለው፤ እሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። በተመሳሳይ ሁኔታ 5 ቀን የቀረንም እንዲሁ። ምክንያቱ በውሉ ወይም በሥራ ደንቡ ተቀባይነት ካለው ግን አይቆጠርም። አዩት? ሕጉም መጀመሪያ ንገረው፣ ጻፍለት፣ ጠብቀው ነው የሚለው።

እንግዲህ ቅጣቱን ያንሡት። ሲያነሡት ሰብስበው ይንገሯቸው፤ በዝምታ አይተዉት። «ያ ነገር አልሠራም፤ እኔም ተምሬበታለሁ» ቢሉ ምንም አይጎድልብዎትም። ከዚያ ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ይያዙ። ማን አረፈደ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን አለ፣ ማታውን ስንት ሰዓት ወጥቶ ነበር። የመጨረሻዋ ዓምድ ላይ ይበርቱ። ብዙ ቤት ውስጥ ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው። ማታ 5 ሰዓት ቤት ዘግቶ የወጣ ልጅ ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ ሊያቀርብ ይመደባል። በመሀል ባጃጅ ፈልጎ፣ ቤቱ ደርሶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ተኝቶ መነሣት አለበት። ይህ ልጅ ቢያረፍድ ስንፍና ነው የሚባለው? የዘጋ ሰው በማግስቱ ከሰዓት ይግባ። ይህቺ ብቻ ስንት ቤት ሰላም አወረደች መሰልዎ።

የሺፍት ሰሌዳው ሐሙስ ተጽፎ ለሚቀጥለው ሳምንት ይለጠፍ። ኦፍ ቀን የታወቀ ይሁን። «ነገ ኦፍ ነህ» ተብሎ ማታ የሚነገረው ዕረፍት ዕረፍት አይደለም፤ ልብስ እንኳ አይታጠብበትም። ሕጉ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት አንዴ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በቀኑ ክፍል 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ጥምቀት ላይ ሐይቁ ዳር ሰው ሲጥለቀለቅ ለሚሠሩት ይህን ሒሳብ አስቀድመው ያሳዩአቸው። የዓመት ፈቃዱን ደግሞ (የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው) ገበያው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ያከፋፍሉት። አሳ በሚፈለግበት የጾም ወር ሦስት ሰው ፈቃድ ጠየቀኝ ብሎ የሚቆጣ፣ ክረምቱን ሙሉ ፈቃድ ሳይሰጥ ዝም ብሎ የቆየ ነው።

አሁን ወደ ደሞዙ። «ገንዘብ ዋናው ነገር አይደለም» የሚሉ አማካሪዎች አሉ። አይስሟቸው፤ የቤት ኪራይ የማያስጨንቃቸው ናቸው። ደሞዝዎ ከጎረቤት ቤቶች በታች ከሆነ የምጽፈው ሁሉ ዋጋ የለውም። እኩል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሰዎችን «መቼ ሥራህ አስደሰተህ? መቼ አስመረረህ?» ብሎ ጠየቀ። የሁለቱ መልስ የአንድ ነገር ግልባጭ አልነበረም። የሚያስመርራቸው ክፍያው፣ አለቃውና የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ሆኖ ተገኘ። የሚያስደስታቸው ደግሞ አንድ ነገር መፈጸም፣ መታወቅና ኃላፊነት ማግኘት። ጥናቱ ብዙ ተተችቷል። ሰው ደስታውን ከራሱ፣ ምሬቱን ከሌላው ማያያዝ ይወዳል ተብሏል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን በወጥ ነው የማስበው። ጨው የጎደለውን ወጥ ሁሉም ያውቀዋል። ጨዉ ልክ የሆነውን ወጥ በልቶ «ጨዉ ሲጥም» ያለ እንግዳ ግን አላየሁም። የእርስዎ ጭማሪ ጨው ነበር። ለሁለት ወር ጉድለቱ ተሞላ። ከዚያ ለመዱት።

ከደሞዙ ይልቅ ቲፑን ልጠይቅዎ። እንግዳው በቴሌብር ሲከፍል የጨመራት ጉርሻ የት ትገባለች? በብዙ ቤት ከሒሳቡ ጋር አንድ ላይ ወደ ባለቤቱ ቁጥር ነው የምትገባው። አስተናጋጁ አጠገብ ቆሞ ያያታል። ማታ አይጠይቅም፤ ያፍራል። በልቡ ግን ይመዘግባል። በወር ውስጥ ምን ያህል እንደተወሰደበት የሚያስበው ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል። እርስዎ ምንም ሳይነኩ ሌባ ሆነዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቴሌብር የመጣ ቲፕ በካሸሩ ደብተር ይጻፍ፣ ማታውኑ ይከፈል። ወጥ ቤቱም ድርሻ ይኑረው። አሳውን የጠበሰችው ልጅ ከሳንቲሙ ምንም ካላገኘች የአስተናጋጁን ኦርደር የምታስቀድምበት ምክንያት የላትም። ድርሻውን ግን እርስዎ አይወስኑ። ራሳቸው ተከራክረው ይስማሙበት። አንድ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፤ ከዚያ ዓመት ይኖሩበታል።

ጡረታም አለ። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ እርስዎ 11 በመቶ የምታዋጡት። ወጣቶቹ ምንም እንደማይመስላቸው አውቃለሁ። ቢሆንም በስማቸው ገቢ መደረጉን ያሳዩአቸው። ቤቱ ነገም እንደሚኖር የሚነግር ወረቀት ነው።

ሥልጠናው ላይ ልምጣ። ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ፕሮጀክተር ነበረ፤ ሻይ ነበረ። መጨረሻ ላይ ቅጽ ተሞላ፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉ። ቅጹ የሚነግርዎ መውደዳቸውን ብቻ ነው። መማራቸውን አይነግርዎም። ተምረው ሥራቸውን መቀየራቸውን አይነግርዎም። እሱም ተቀይሮ እንግዳው መመለሱን አይነግርዎም። አራቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ተጨብጭቦለት ነው የሚሄደው።

ይልቅ ሐይቁን ይመልከቱ። የደንገል ታንኳ ሲታሰር አይተዋል? ልጁ ከአባቱ ጎን ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ገመድ ያቀብላል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ይይዛል። ከዚያ ራሱ ያስራል፤ አባትየው ይጎትተዋል፣ ከላላ ይፈታበታል። ታንኳ አሳሪ ሰርተፍኬት የለውም። ያሰራት ታንኳ ግን ዓባይ አፍ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች።

ይህንኑ ነገር አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአራት እርምጃ ጻፉት። ወንዱ ዘምቶ ፋብሪካው በማያውቁ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ ቶሎ ማስተማር ነበረባቸው። ዘዴው ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገባ። ዛሬ ካይዘን የምንለው፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ሁሌ የማሻሻል ዘዴ ውስጥ የእሱ ደም አለ። እኛም ከጃፓኖች ተቀብለን በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁመናል። «5ቱ ማዎች» የሚል የሥራ ቦታ አደረጃጀት ደንብ የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳቸው ላይ የለጠፉ ፋብሪካዎችን አይተው ይሆናል። ወረቀቱ ብዙ ቦታ አለ፤ አሠራሩ ከወረቀቱ ያነሰ ቦታ።

በአሳ ላሳይዎ። አዲስ የገባች ልጅ ቆሮሶ ከሚባለው አሳ ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንት የሌለው ሥጋ፣ ማውጣት ትማር። መጀመሪያ ያረጋጓት። ከዚህ በፊት ምን እንደሠራች ይጠይቋት፤ ምናልባት ዶሮ ብልት ማውጣት ታውቃለች፣ እጇ ቢላ ለምዷል። ለምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግም ይንገሯት፤ አንዲት የቀረች አጥንት የሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች። ሁለተኛ፣ የምታውቀው ሴት ሠርታ ታሳያት። እየተናገረች፣ ቀስ ብላ። ቅርፊቱ ይፋቃል። ከስንጥቡ ኋላ እስከ አጥንቱ ይቆረጣል። ቢላው በጀርባ አጥንቱ ላይ ተኝቶ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቆም ትበል፤ ምስጢሩ እዚህ ነው። ቢላው አጥንቱን ሲፋቅ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከጠፋ ሥጋው አጥንቱ ላይ እየቀረ ነው። ይህን በንግግር የሚያስተምር አዳራሽ የለም።

ሦስተኛ፣ ልጅቷ ራሷ ትሥራ፤ ግን እየሠራች አፏም ይናገር። «አሁን ምን ላደርግ ነው፣ ለምን» እያለች። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህቺን ነው። «ገባሽ?» እንላለን። «አዎ» ትላለች። ሰው ፊት «አልገባኝም» የሚል ማን አለ? ስለዚህ «ገባሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከቤትዎ ያስወጡት። «አሳዪኝ» ይበሉ። አራተኛ፣ ብቻዋን ይተዉአት፣ ግን ማንን እንደምትጠይቅ ይንገሯት። መጀመሪያ በየሰዓቱ፣ ቀጥሎ በቀን አንዴ እየመጡ ይዩአት።

መለካትም ይቻላል። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ የክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ከ10 ኪሎ አሳ ከ3 ኪሎ በላይ የሚያወጣ እጅ አለ፤ 2 ኪሎ ተኩል የሚያወጣም አለ። የቀረው ውሻና ድመት ይቀልባል። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ስንት አወጣች፣ በአሥረኛው ስንት? ወረቀት ላይ ጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉላት። የስድብ ዝርዝር ከምለጥፍ ይህንን ብለጥፍ ኖሮ ስንት ሰው አላጣሁም ነበር። የገዛ እጇ ሲሻሻል ያየች ልጅ የምትሠራው ለእርስዎ ብቻ አይደለም።

ለአስተናጋጅም እንደዚሁ ነው። እንግዳ «ዛሬ ምን አሳ አላችሁ?» ሲል ቆሮሶውን ከአምባዛው ለይቶ መናገር፣ ጥብሱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድሞ መንገር፣ ሒሳብ ሲጠየቅ አለመጥፋት። ሦስቱን ብቻ ይምረጡ። በየቀኑ ምሳ ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ፣ ቆመው፣ አንዱን ይለማመዱ። አንዱ እንግዳ ይሁን፣ አንዱ አስተናጋጅ። ይሥቃሉ። ይሣቁ።

የሙከራ ጊዜውን በዚህ ይጠቀሙበት። ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ብዙ ቀጣሪ የሙከራ ጊዜ ማለት በቀላሉ ማባረሪያ ጊዜ ይመስለዋል። የመጀመሪያ ቀን ምን ይማራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ምን ብቻውን ይችላል፣ በስድሳኛው ቀን ምን ይጠበቅበታል፤ አንድ ገጽ ይበቃል። እርስዎም እሱም ትፈርማላችሁ። አንድ ኮፒ እሱ ጋ ይሁን።

ሰርተፍኬት ይዘው ስለሄዱት አይቆጩ። ባሕር ዳር ውስጥ ወሬ ቶሎ ይዳረሳል። «እዚያ ቤት ሥራ ያስተምራሉ» የሚል ወሬ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። የሚሄደውንም በደህና ይሸኙት፤ የሥራ ልምዱን ሳያስለምኑ ይስጡት። ከሄዱት አንድ ሁለቱ ተመልሰው ቢመጡ አይገርመኝም።

አሁን ይሉኝታ ወደሚባለው ነገር። የእኛ አገር ሠራተኛ «ከፍቶኛል፣ ልሄድ ነው» አይልም። «አያቴ ታመውብኝ አገር ቤት ልሂድ» ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል፤ በሳምንቱ ሌላ ቤት ሳህን ይዞ ያዩታል። ስለዚህ ሳይሄድ መጠየቅ አለብዎት። በወር አንዴ፣ ከእያንዳንዱ ጋር፣ 10 ደቂቃ። «ደስተኛ ነሽ?» ብለው አይጠይቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ፤ እዚያ ላይ ወሬው ያልቃል። «ባለፈው ሳምንት ሥራሽን ያስቸገረሽ አንድ ነገር ምንድን ነው?» ይበሉ። የመጀመሪያው ወር «ምንም» ትልዎታለች። በሁለተኛው «የሳህን ማጠቢያው ውኃ» ትላለች። ውኃውን ያሠሩት፤ በዚያው ሳምንት። በሦስተኛው ወር እውነተኛውን ትነግርዎታለች።

በቴሌግራም ግሩፕም ሰው አይውቀሱ። ይህን ሳይጽፉልኝ የማነሣው ግሩፕ የሌለው ቤት ስለሌለ ነው። ማታ 4 ሰዓት «አንዳንድ ሰዎች ጠረጴዛ 6ን ቆሻሻ ትተው ሄደዋል» ተብሎ ይጻፋል። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሽሙጥ በጽሑፍ ሲሆን አይጠፋም፤ ደጋግሞ ይነበባል። ግሩፑ ለሰሌዳና ለምስጋና ይሁን። ምስጋናውም የተለየ ይሁን። «ጎበዞች ናችሁ» ማንንም አያረካም። «ትናንት ያ እንግዳ አሳው ዘገየ ብሎ ሲቆጣ ሾርባ ይዘህ የሄድክበት መንገድ ደስ አለኝ» ሲሉት ግን ልጁ ለእናቱ ይነግራል። ወቀሳው ለብቻ፣ በማግስቱ፣ ቁጣዎ ሲበርድ።

የዛሬ ልጆች ሥራ ይጠላሉ ወይ ብለው ነበር። እኔ የማየው ልጆቹ ከእኛ የበለጠ በር እንዳላቸው ነው። ባጃጅ አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ዓረብ አገር አለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ትምህርት አለ። የሚከብድ ሥራ አይፈሩም፤ ገና ጎህ ሳይቀድ አሳ ሲያጸዱ አይቻቸዋለሁ። መውጫው መቼ እንደሆነ የማይታወቅ ሥራ ግን አይችሉም። እንግዳ በቀነሰባቸው ጊዜያት ሺፍት የሚያሳጥሩ ከሆነ ምክንያቱን ከነሒሳቡ ይንገሯቸው። ሲደበቅ ነው ወሬ የሚፈጠረው።

በመጨረሻ ጎበዙ አስተናጋጅ። ሱፐርቫይዘር ላድርገው ብለዋል። ይጠንቀቁ። ስምንት ጠረጴዛ ብቻውን የሚይዝ ሰው፣ ሌላው ሁለት ሲያቅተው አያስችለውም። ሳህኑን ከእጁ ይነጥቀዋል። ሥራው ይሠራል፤ ልጁ አይማርም። እርስዎም ምርጥ አስተናጋጅዎን አጥተው መካከለኛ አለቃ ያገኛሉ። ቲፑም ይቀርበታል፤ ስለዚህ በደሞዙ ላይ የሚጨምሩት ቢያንስ ያንን መሸፈን አለበት። አለበለዚያ ሹመቱ ቅጣት ነው።

ሹመቱን ሳያወሩ ይፈትኑት። በሚቀጥለው የሚቀጥሩትን ሰው ለሁለት ሳምንት ለእሱ ይስጡት። ያንን አንድ ገጽ ይስጡት፣ «አሳዪኝ» የሚለውን ያስተምሩት፣ ለሁለቱ ሳምንታት ትንሽ ክፍያ ይጨምሩለት። ከዚያ እሱን አይጠይቁት፤ ልጅቷን ይዩአት። ብቻዋን አራት ጠረጴዛ ከያዘች፣ አንድ ነገር ሲጠፋባትም ሄዳ የምትጠይቀው እሱን ከሆነ ሱፐርቫይዘር አግኝተዋል። እሱን ስታይ የምትሸሽ ከሆነ ግን የማታ ሺፍቱን ጠረጴዛዎች ይመልሱለት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ቢላው ሲፋቅ ቆም ብላ የምታስረዳዋን ሴት ደግሞ ይፈትኗት።